የካቡ እግር

ካብ ሠሪ በዕድሜው ከሚሠራው የሚያፈርሰው ይበልጣል። ይህን ያለኝ ወንድሜ ነው፤ ያለኝም በሠላሳ ዓመቱ፣ ጀርባው ገና ሳይጎብጥ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ካቡ ደግሞ ዛሬ ምን አጠፋ? ትናንት ደህና አልነበረም ወይ?» እያለ ሲስቅበት ነው። እሱ ቀና ብሎም አያያቸውም። ድንጋዩን አንድ በአንድ ያወርዳል፣ ሣሩ ላይ በየመልኩ ይደረድራል፣ ከዚያ ከታች ጀምሮ መልሶ ይክባል።

ታናሼ ነው፤ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን በልጅነቱ ስለሞተች አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ሰው ግን ስሙን ትቶ ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ ግንበኞች ግድግዳ መቅናቱን የሚለኩበት፣ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ወንድሜ እሱን በእጁ ይዞ አያውቅም። አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰበር አድርጎ ካየ ይበቃዋል። «ቱንቢ የሌለው ቱንቢ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከቀልዱ ሥር ግን አክብሮት ነበረ፤ እሱ ቀና ነው ያለው ካብ በቱንቢ ሲለካም ቀና ሆኖ ይገኛልና።

ከተማችን ዳገት ላይ ነው ያለው። ዛሬ አንድ ከተማ ይባል እንጂ ድሮ ሦስት መንደር ነበር፤ ማን ከየት እንደሆነ ለማወቅ አጥሩን ማየት ይበቃል። የላይኞቹ ድንጋይ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። እያጋደሙ ይደራርቡታል፤ ሲያልቅ የተቆለለ መጽሐፍ ይመስላል። የታችኞቹ፣ የወንዝ ዳሮቹ፣ ያላቸው ውሃ ያሞለሞለው ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ብቻውን አልቆምም ስለሚል ግራና ቀኝ እንጨት ይተክሉለታል፣ እንጨቱን በጭራሮ ይጠልፉታል፣ መሀሉን በድንጋዩ ይሞሉታል። እኛ መካከለኞቹ የደረሰን ጥቁር፣ ማዕዘኑ የበዛ፣ እጅ የሚልጥ ድንጋይ ነው። ካባችን ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ ግቢ። መሀሉ በጠጠር ይሞላል፤ በየክንዱ አንዳንድ ረጅም ድንጋይ ሁለቱን ፊት እንዲያስተሳስር ይሻገራል። አናቱ ላይ ቀጫጭን ድንጋይ እንደ ጥርስ ይሰካል።

በዚህ በዚህ ስንሰዳደብ ነው ያደግነው። እኛ የወንዝ ዳሮቹን «እንቁላል ደርድሮ ዶሮ ይጠብቃል» እንላቸዋለን። እነሱ የካባችንን አናት እያዩ «ጥርሱን የሚያፋጨው ማንን ሊነክስ ነው?» ይሉናል። ላይኞቹ ሁለታችንንም ንቀው አይናገሩም ነበር።

አባታችን ደግሞ ስለ ካብ ሲጠየቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚናገረው። «አጥሩን የፈለገው ሰው አይደለም፣ ድንጋዩ ነው» ይላል። ጥንት ሰው ማንንም ሊከለክል ብሎ አልካበም። እርሻው ውስጥ ማረሻ የሚሰብርበትን ድንጋይ እየለቀመ ዳር ላይ ይጥል ነበር፤ ክምሩ ረዘመ፤ አንድ እጁ የማያርፍ ሰው መጣና አስተካከለው። «ድንበር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጠቡም ከድንበሩ ጋር።»

የኛን ቤት ካብ የሠራው አያታችን ነው፣ አባታችን ከመወለዱ በፊት። ከበሩ እስከ መንገዱ ጥግ ስድሳ እርምጃ ይሆናል፤ ከፍታው እስከ ደረት። አባታችን ለወንድሜ ያወረሰው እሱንና ሁለት ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው፣ ካብ ሆዱ ወጣ ካለ ቶሎ አውርደህ መልሰህ ክበው የሚል ነው። «ካብ ሲያረግዝ አይወልድም፣ ይወድቃል።» ሁለተኛው፣ ስታወርድ መሬት ስትደርስ ቁም የሚል ነው። ከመሬት በታች የካቡ እግር አለ፤ አያታችን የቀበረው ሁለት ረድፍ ድንጋይ። «እግሩን አትክፈት። እግሩ የተከፈተ ካብ ቃል አይሰማም።»

ወንድሜ ሁለቱንም ጠበቀ። በወጣትነቱ ሥራ ሞልቶ ስለነበር የራሱን ካብ የሚያወርደው በእረፍት ቀኑ ነበር። ከዚያ ሽቦ መጣ፣ ከሽቦው በኋላ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በኋላ ከታች የብሎኬት ማምረቻ ተከፈተ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ትውልዱ ከወንዝ ዳር የሆነ አፈኛ ሰው፣ የብሎኬት አጥር ያሳጠረ ቀን ወንድሜን ጠርቶ አሳየው።

«ቱንቢ፣ አየህ? በሁለት ቀን አለቀ። አንተ ብትሆን ወር ሙሉ ታንፏቅቀው ነበር።»

«አንተስ ቀሚሱን በመርፌ ከምትለፋ በሙጫ ለምን አታጣብቀውም?» አለው ወንድሜ።

ልብስ ሰፊው ሳቀ፤ አጥሩ ግን አጥሩ ሆኖ ቀረ። እንዲህ እያለ ከሰፈሩ አንድም ካብ የሚያስከብ ጠፋ። የወንድሜ ሚስት በትምህርት ቤት ጽዳት ትሠራ ነበር፤ ሴት ልጃቸው አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት እናቲቱ ሞተች። እኔም ባሌ ሞቶ፣ ልጆቼም በየፊናቸው ሄደው ነበርና ዕቃዬን ይዤ ወደ ተወለድኩበት ቤት ተመለስኩ። ልጅቷን አብረን አሳደግን። አድጋ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ ከተማው መሀል ካለው ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ወጣች። እኛ ሁለታችን ከካቡ ጋር ቀረን።

ሥራ ሲያጣ ሌላ ሰው ይጠጣል፣ ይነጫነጫል። ወንድሜ የአያታችንን ካብ ያወርዳል። የጣት ውፍረት የማይሞላ ጉብታ ካየ ይበቃው ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከበሩ እስከ ጥጉ፣ ከጥርሱ እስከ መሬት፣ በእጁ ያላለፈ ድንጋይ አልቀረም። እያማረ ሄደ እንጂ ተበላሸ አይባልም። መንገደኛ ሲያልፍ መዳፉን እያስነካው ያልፍ ነበር። እኔም በመስኮት ቆሜ ያንን ማየት እወድ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው በበጋ ነው። ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አራት ዓመቴ፣ ከልጅ ልጄ ነው፤ ሳነብ ቀስ እላለሁ። እሱ ደግሞ ከነጭራሹ አያነብም። መንገዱ ስለሚሰፋ ከጠርዙ ዘጠኝ ሜትር ውስጥ ያለ አጥር፣ ቤትና ተክል ሁሉ ይነሳል ይላል። ቤታችን ከጠርዙ ስድስት ሜትር ላይ ነው።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ከታች ሌላ አለ።»

ከታች የነበረው እንዲህ ይላል፦ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት በላይ የሆኑና እንደቆሙ ያሉ ጥንታዊ ካቦች ተመዝግበው ይጠበቃሉ፤ በዚያ በኩል መንገዱ ወደ ማዶው ይዞራል። ከኛ ማዶ ያለው የማንም ያልሆነ ባዶ ጭንጫ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ወንድሜ ተነስቶ ወጣና በካቡ በኩል ዞሮ ዞሮ መጣ።

«እንግዲያማ ተርፈናል» አለ። እኔም ያንን ቀን እንደሱ አሰብኩ።

ከሳምንት በኋላ ካብ የምትመዘግበው ልጅ መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ በእጇ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ይዛለች። ርዝመቱን ለካች፣ ስፋቱን ለካች፣ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በጥፍሯ ነካካችው። ከዚያ ቀና አለችና፣

«አባባ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው! ማነው የሠራው?» አለች።

ስለ ካብ እንዲህ በአድናቆት የጠየቀው ሰው ካገኘ ስንት ዓመቱ! ፊቱ በራ።

«እኔ» አላት።

በክርኔ ጎሸምኩት።

«ምን ትጎሽሚኛለሽ እትዬ? እኔ ነኝ እንጂ! ያንን ጥግ ብቻ አራት ጊዜ አውርጄዋለሁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች፤ ወዲያው ግን አልጻፈችም። ደግ ልጅ ነበረች፤ ማውጫ ቀዳዳ ስትፈልግለት ታየኝ።

«እንደገና ልጠይቅዎት አባባ። መጀመሪያ፣ ከመነሻው የሠራው ማነው?»

«ከመነሻውማ አያታችን ነው።»

«ከሳቸው እጅ የቀረ አለ?»

ወንድሜ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ካቡን ከዳር እስከ ዳር አየው። ያኔ ነው መሰለኝ የገባው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ እንደኖረ ያኔ ገባው።

«ድንጋዩ» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ድንጋዩ ያው ነው።»

«ድንጋይማ ሁሉም ጥንት ነው አባባ። እኛ የምንመዘግበው አካካቡን ነው።»

«እግሩ አለ!» አልኩ እኔ። «ከመሬት በታች ሁለት ረድፍ። እሱን ማንም አልነካውም።»

«ማየት ይቻላል?»

«አይቻልም» አለ ወንድሜ።

«ይቻላል» አልኩ እኔ፣ ከአፉ እኩል።

ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። በሚቀጥለው ሐሙስ ከኃላፊዋ ጋር እንደምትመጣ፣ ከዚያ በኋላ መዝገቡ እንደሚዘጋ ነገረችን። «እሳቸው መሠረቱን ካዩ ከላይ ያለውን እንደ ጥገና ሊቆጥሩት ይችላሉ። ይችላሉ ነው የምልዎት፤ ቃል አልገባም» አለች።

ምሳ ላይ ተጣላን። ተጣላን ስል፣ እኔ ተናገርኩ፣ እሱ በላ።

«አባታችን አትክፈት ብሏል» አለኝ በመጨረሻ።

«አባታችን መንገድ ይሰፋል አልተባለም።»

«ካቡ ይሰማል እትዬ። ሳትነኪው ያውቃል።»

«እሺ፣ አትክፈተው። መኪናው መጥቶ ሲገፋው እግሩም አብሮ ይከፈታል። ያኔ የሚያየው የለም እንጂ መከፈቱ መች ይቀራል?»

ይህን ባልል ኖሮ! ውሃውን ጠጣ፣ ብርጭቆውን ዘቅዝቆ አስቀመጠ፣ ዶማውን ሊያመጣ ወጣ።

ሰኞ ጀመረ። ካቡ በጣም የቀናበትን ቦታ መሀል ላይ መረጠ። በግቢው በኩል ሁለት እርምጃ የሚሆን ጉድጓድ ቀስ እያለ በእጁና በማንኪያ ጭምር ቆፈረ። ካቡን በጣውላና በአጠና ደገፈው፤ ድጋፉን ከካቡ ወገብ በላይ ፊቱ ላይ አሳረፈ፤ ማዕዘን ያለው ድንጋይ የሚደገፈው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ወገቡን ስላመመው እኔ አፈሩን በባልዲ ሳወጣ ዋልኩ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከወጥ ቤት ሳለሁ ጠራኝ።

«እትዬ! ነይማ ቶሎ!»

ምን ወደቀበት ብዬ እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ ይስቃል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

«እይው! እይውማ የአያትሽን ጉድ!»

አየሁ። ከጥቁሩ፣ ከማዕዘናሙ ድንጋያችን በታች የነበረው ድቡልቡል፣ ነጣ ያለ የወንዝ ድንጋይ ነው። ግራና ቀኙ የበሰበሰ የእንጨት ጉቶ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ በረድፍ ተተክሏል።

«ወንዝ ዳር!» አልኩት። «አያታችን ከወንዝ ዳር ነው የመጣው!»

«እንቁላል ደርዳሪ!» አለና ዐይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። «ስድሳ ዓመት የሰደብኩት ዘመዴን ነው! ጥሪው ያንን ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ ይደሰት።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለጠለ መጣ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየና፣

«አላልኩህም? የአጎቴ ልጅ! እኔማ መልክህን ሳየው እጠረጥር ነበር» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሁለት ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።

«ቱንቢ፣ ና ውጣ።»

«ምነው?»

«ይህን ድንጋይ የያዘው እንጨቱ ነበር። እንጨቱ ከበሰበሰ በኋላ የያዘው አፈሩ ነው። አፈሩን አነሳኸው። ድጋፍህ ደግሞ እላይ ነው ያለው፤ የኛ ድንጋይ የሚደገፈው ከሥሩ ነው። አባቴ እግሩን ሳያስር ካብ አጠገብ አያስደርሰንም ነበር። ውጣ ስልህ!»

ወንድሜ አልወጣም። አካፋውን አንስቶ አፈሩን መመለስ ጀመረ። ልብስ ሰፊውም ዘሎ ገባና በእጁ ያግዘው ጀመር። ሁለት ሽማግሌዎች ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሕፃን አፈር ሲገፉ ይታየኛል። እኔም ባልዲውን ይዤ እሮጣለሁ፤ ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም።

አንዱ ድንጋይ ተንከባለለ። ትልቅ ነው፣ ግን የተንከባለለው በዝግታ ነው፤ ወንድሜ እግር ሥር መጥቶ ቆመ። ወንድሜ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ቦታው ሊመልሰው ጎንበስ አለ። ልብስ ሰፊው በቀበቶው ይዞ ጎተተው። ከዚያ ካቡ ጮኸ። ሌላ ቃል የለኝም። በሆዱ ያለው ጠጠር መጀመሪያ ሸሸ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ፊት ተለያየ፤ ከጉድጓዱ እስከ መንገዱ ጥግ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል፣ እየተከታተለ ወረደ። አጠናዎቹ ምንም ሳይሆኑ አየሩን ደግፈው ቆመው ቀሩ።

ሰው አልተጎዳም። አቧራው ሲበርድ ወንድሜ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልብስ ሰፊው ቀበቶውን ገና አልለቀቀም።

ኃላፊው ሐሙስ ጠዋት መጣ፤ ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ልጅቷ ፍርስራሹን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፣ ሱሪው ይቆሽሻል ሳይል ተንበረከከ፣ ጉቶዎቹን በጣቱ ነካ። ብዙ ቆየ።

«አባት፣ ይህን የመሰለ በእኛ መዝገብ ውስጥ የለም» አለ። «ከመቶ ዓመት በእጅጉ ይበልጣል።»

ልቤ ዘለለ። የወንድሜ ልብ ግን እንዳልዘለለ አየሁ፤ የሰውየውን ፊት ከኔ ቀድሞ አንብቦታል።

«ታዲያ ይመዘገባል?» አልኩ።

«የኛ መመሪያ የቆመ ካብ ነው የሚለው፣ እናት። ይህኛው ወድቋል። የቆመው ደግሞ…» ወደ በሩ በኩል የቀረውን ሠላሳ እርምጃ አየ፤ «የቆመው የሳቸው ሥራ ነው።»

«መሬት ውስጥ የተገኘውንስ?»

«እሱን የሚያይ ሌላ ክፍል አለ። ይመጣሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ለክተው ይጽፋሉ። መንገድ ግን አያስቆሙም።»

ወንድሜ እስከዚያ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን ተነሳ።

«መልሼ ብክበውስ? ድንጋዩ አልተሰበረም። በአሥራ አምስት ቀን እንደነበረ አደርገዋለሁ።»

«አዲስ ይሆናል አባት።»

«ካልካብኩትስ?»

«ፍርስራሽ ይሆናል።»

ወንድሜ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ሰውየው የተናገረው ትክክል እንደሆነ፣ እሱም ቢሆን እንደዚያው እንደሚል ዓይነት። ልጅቷ ስትሄድ እጄን ያዘችኝ።

መኪናው እስኪመጣ አርባ ቀን ነበረን። በነዚያ ቀናት ወንድሜ የወደቀውን ድንጋይ ለየ። ለፊት የሚሆነውን ለብቻ፣ አስተሳሳሪውን ለብቻ፣ ጥርሱን ለብቻ፣ ጠጠሩን እንኳ አጣርቶ ለብቻ ከመረ። ልብስ ሰፊው ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያቀብለው ነበር፤ ቀልዱን ግን ትቶታል። ለምን እንደሚለየው አልጠየቅነውም። የሚያስገባበት ቦታ የለም፤ ልጁ ያለችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ወጣሁና፣ «ክፈተው ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። ይህን ከአፌ ለማውጣት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ብርጭቆውን ተቀበለኝ። «ዶማውን እጄ ላይ ያስያዝሽኝ አንቺ አይደለሽም» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ብለሽኛል ግን» አለ። ተቆጥቶ አይደለም። ቀና ያልሆነውን ቀና ነው ማለት ስለማይችል ነው። ያንን ቃል እስካሁን በሆዴ ይዤዋለሁ።

የዶዘሩ ሹፌር ደህና ሰው ነበር። ወርዶ ሰላም አለንና ክምሮቹን አየ። «አባት፣ ይህን የተለየውን የሚወስድ ሰው ይመጣል? ልጠብቅ?» አለው። ወንድሜ «አይመጣም» አለ። ድንጋዮቹ ከመንገዱ ሥር ለመሙያ ገቡ፤ ጥርሱም፣ አስተሳሳሪውም፣ ፊቱም ባንድ ላይ። ቤቱ እስከ ምሳ ሰዓት አልቋል።

የልጁ ቤት ሁለት ክፍል ነው። እኔ ከእሷ ጋር እተኛለሁ፣ እሱ እንግዳ መቀበያው ውስጥ በተጣጣፊ አልጋ። ጠዋት አልጋውን አጥፎ ከበሩ ኋላ ያቆማል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የሚታጠፍም የሚቆምም ነገር የለውም። አንዳንዴ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል። ብሎኬት ነው፣ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ልጁ «አባዬ፣ ጎረቤት ይሰማል» ስትለው ይተዋል።

ከቤታችን በወጣን በስምንተኛው ወር መዝጋቢዋ ልጅ ፎቁን ጠይቃ አግኝታ መጣች። ላይኛው መንደር ውስጥ የተመዘገበ ካብ ሆዱ ወጥቷል፤ ቢሮው ጠጋኝ ቢፈልግ ቢፈልግ ሲሚንቶ የሚሉ ሰዎች ብቻ ነው ያገኘው። «ከርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም አባባ» አለችው። እኔ ደስ አለኝ። ሸሚዙን ራሴ አወጣሁለት። ጫማውን ሲያስር እጁ ሲፈጥን አይቼ፣ ምናልባት፣ አልኩ በልቤ።

ሦስታችን ዳገቱን ወጣን። ካቡ የላይኞቹ ዓይነት ነው፤ ጠፍጣፋው እንደ መጽሐፍ የተደራረበ። መሀሉ ላይ የሰው ትከሻ የሚያህል ጉብታ ወጥቷል። ወንድሜ መዳፉን ጉብታው ላይ አሳርፎ ቆመ።

«ስንት ዓመቱ ነው አላችሁ?»

«መቶ አርባ ይሆናል አባባ።»

«በምን አወቃችሁ?»

«አካካቡ አልተለወጠም። ከተሠራ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም።»

መዳፉን አነሳ። ሱሪው ላይ ጠረገው።

«እኔም አልነካውም» አለ።

«ምነው አባባ! ይወድቃል እኮ!»

«ይወድቃል።»

«ታዲያ?»

«ልጄ፣ ይህ ሆድ የሚመለሰው እስከ መሬት ወርዶ ነው። እኔ ካወረድኩት የኔ ይሆናል። የኔ ሲሆን ከመዝገብ ታወጡታላችሁ፤ ከመዝገብ ሲወጣ ያ ሹፌር ይመጣል። ካልነካሁት ደግሞ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። እስቲ አንዱን ምረጪልኝ።»

ከካቡ ኋላ ካለው ቤት አንዲት ሴት ልብስ እያሰጣች ታየናለች፤ ስለ ምን እንደምንነጋገር አልሰማችም። ወንድሜ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አላት፣ ቁልቁለቱን ጀመረ። እኔ ልጅቷን «ጊዜ ስጪው» አልኳት። ለማለት ያህል ነው ያልኳት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከሰዓት፣ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ያልታጠፈው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። መዝጋቢዋ ልጅ ናት። የነገረችኝን ሰምቼ «እሺ የኔ እናት» ብዬ ዘጋሁ።

«ማነው?» አለ።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው።»

በክርኑ ቀና አለ።

«ወደ መንገዱ ነው የወደቀው ወይስ ወደ ግቢው?»

ደግሜ ልዋሸው አልቻልኩም። «ወደ መንገዱ።»

«ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«ደህና» አለና ፊቱን ወደ ብሎኬቱ አዞረ።